የጣርማ በር መንገድና የባሕር ሞገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጣርማ በር ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ደልዳላ የነበረው ደጋ እዚያ ላይ ባንድ ጊዜ ያበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የቆመው አፋፍ ወደ ምሥራቅ እየተቆረሰ ይወርድና፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ጋር ይገናኛል። ከይፋት ወዲያ የአዋሽ ሸለቆ፣ ከአዋሽ ወዲያ የአፋር በረሓ፣ ከበረሓውም ወዲያ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገኛሉ።

ከጣርማ በር ሆኖ ባሕር አይታይም። ይሁን እንጂ ወደ ይፋት ገበያ የሚመጣው ዕቃ፣ ነጋዴው ቅፍለቱን የሚያነሣበት ወር፣ ነገሥታቱም ዐይናቸውን የሚጥሉበት ወደብ ከሰው ፈቃድና ከጦር ዕድል ሌላ አንድ የተፈጥሮ ዳኛ ነበራቸው። እርሱም የባሕር ሞገድ ነው። ስለ ኬላውና ስለ ቀረጡ፣ ስለ ዘመቻውና ስለ ውሉ ብዙ ተጽፏል። መርከቡን ወደ የብስ ያስጠጋው ወይም ያራቀው ምን እንደ ሆነ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሞገድ እንዴት እንደሚፈጠርና ጠረፍን እንዴት እንደሚቀርጽ ያስረዳል፤ ቀጥሎም ከደጋው ወደ ባሕር የወረደውን የይፋት መንገድ ታሪክ ከዚያው አንጻር ይመለከታል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞገድ አፈጣጠር

በውቅያኖስ ላይ የሚታየው ሞገድ አብዛኛው የነፋስ ልጅ ነው። ነፋስ በረጋ ውኃ ላይ ሲነፍስ በመጀመሪያ የውኃውን ፊት ያሽበሽበዋል። ሽብሽቡ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ ነፋሱ የሚገፋው ጀርባ ያገኛል፤ በተገፋ መጠንም ሽብሽቡ እያደገ ሞገድ ይሆናል። እድገቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የነፋሱ ፍጥነት፣ ሁለተኛው የነፈሰበት የጊዜ ርዝመት፣ ሦስተኛው ደግሞ ነፋሱ የብስ ሳያግደው በውኃ ላይ የተጓዘው ርቀት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ታላቅ ሞገድ አይነሣም። በትንሽ ሐይቅ ላይ የቱንም ያህል ኀይለኛ ነፋስ ቢነፍስ ርቀቱ ስለሚያጥር የውቅያኖስን ያህል ሞገድ ሊያስነሣ አይችልም።

ብዙ ሰው ሞገድ ሲመጣ ውኃው ራሱ ከሩቅ ተጉዞ የመጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የይፋት ገበሬ ማሽላው ባደገበት ወቅት ነፋስ ሲነፍስ በማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ ሞገድ ያያል፤ አገዳው ግን ጐንበስ ቀና ከማለት በቀር ከበቀለበት አይነቃነቅም። በባሕርም ላይ የሚጓዘው ኀይሉ እንጂ ውኃው አይደለም። እያንዳንዱ የውኃ ቅንጣት ሞገዱ ሲያልፍበት ወደ ላይና ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ታችና ወደ ኋላ እየዞረ ከነበረበት ስፍራ አጠገብ ይመለሳል። ይህን የክብ እንቅስቃሴ በሒሳብ ቀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው በ1802 የፕራጉ ምሁር ፍራንዝ ጌርስትነር ነበር። ክቡ ከውኃው ፊት ወደ ጥልቁ በሄደ መጠን እየጠበበ ይሄድና ከሞገዱ ርዝመት እኩሌታ በሚሆን ጥልቀት ላይ ከሞላ ጐደል ይጠፋል። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ሲያልፍ 50 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ውኃ አይነቃነቅም ማለት ነው። ይህ ልክ ኋላ ስለ ጠረፍ ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በጥልቅ ባሕር ላይ ረጅም ሞገድ ከአጭሩ ይፈጥናል። በየ10 ሴኮንዱ የሚመጣ ሞገድ ርዝመቱ 156 ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወጀብ በተነሣበት ስፍራ ረጅሙም አጭሩም ተደባልቆ ይናወጣል፤ ከወጀቡ ሲርቁ ግን ረጃጅሞቹ ቀድመው ይወጡና ሥርዓት ይዘው ይጓዛሉ። ዋልተር መንክ የተባለው የውቅያኖስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ የመለኪያ ጣቢያዎች ዘርግቶ ሲመረምር፣ በደቡባዊው የዓለም ጫፍ በወጀብ የተወለደ ሞገድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አላስካ እንደሚደርስ አረጋግጧል። ይኸው ሰው ከሐራልድ ስቨርድሩፕ ጋር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያወጣው የሞገድ ትንበያ ዘዴ በ1944 ጦር በኖርማንዲ ጠረፍ ላይ ሲወርድ አገልግሏል። ስለዚህ አንድ ጠረፍ የሚመታው ሞገድ የግድ በዚያው ጠረፍ ሰማይ ሥር የተወለደ አይደለም።

ሞገድ ጠረፍን ሲቀርጽ

ሞገድ ወደ ጥልቀት አልባው ውኃ ሲገባ ከርዝመቱ እኩሌታ በታች ያለው የባሕር ወለል ያግደዋል። እግሩ ሲያዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ቁመቱም ይጨምራል። በመጨረሻም የውኃው ጥልቀት የሞገዱን ቁመት አንድ ጊዜ ከሲሶ ያህል ሲሆን ራሱን መሸከም ተስኖት ይሰበራል። ቁመቱ በእጥፍ ያደገ ሞገድ የሚሸከመው ኀይል አራት እጥፍ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ከአንድ ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ የተሰበረ ሞገድ ገደልን ሲመታ ምን ያህል ክብደት እንደሚወረውር መገመት አያዳግትም። በ1872 በስኮትላንድ በዊክ ወደብ የተነሣ ወጀብ ከ1,300 ቶን በላይ የሚመዝን የግንብ ክፍል ከቦታው ነቅሎ ወስዷል። የዚያ ግንብ መሐንዲስ ቶማስ ስቲቨንሰን ከ20 ዓመት በፊት የሞገድን ቁመት ከነፋሱ የጉዞ ርቀት ጋር የሚያዛምድ ቀመር ያወጣ፣ በዘመኑ ስለ ሞገድ ኀይል እጅግ ከሚያውቁት አንዱ ነበር። እንደዚህ ያለው ሰው የሠራው ግንብ መፍረሱ ለሙያው ትልቅ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል።

ሞገድ ሁለት ሥራ አለው፤ ያፈርሳል፣ ይገነባልም። ወደ ባሕር የገባ የምድር ጫፍ ሲያጋጥመው በዙሪያው ያለው ጥልቀት ስለሚለያይ ሞገዱ ታጥፎ ጫፉን ከሁለት ወገን ይከበዋል፤ ኀይሉም እዚያ ላይ ይከማቻል። በጫፎቹ መካከል ባለው ወሽመጥ ግን ተዘርግቶ ይደክማል። ከዚህ የተነሣ ጫፉ ከሥሩ እየተቦረቦረ ዋሻና ቅስት ይሆናል፤ ቅስቱ ሲደረመስ በባሕር መካከል የቆመ ዓምድ ይቀራል። ከዚያ የተፈለፈለው ድንጋይ እየተፈጨ አሸዋ ይሆንና በወሽመጡ ይነጠፋል። ሞገዱ ጠረፉን በሰያፍ የሚመታው እንደ ሆነ አሸዋውን ቀስ በቀስ ወደ ጐን እየገፋ ይወስደዋል፤ በደረሰበትም ምላስ የመሰለ የአሸዋ ቁልቁለት እየሠራ የወደብን በር ይዘጋል። በሞቃት ባሕር ደግሞ ኮራል የሚባለው ሕያው ፍጥረት የሚገነባው የድንጋይ መደዳ ሞገዱን ከሩቅ ይሰብረዋል። በሰው እጅ ያልተሠራ መከላከያ ግንብ ነው ማለት ይቻላል።

ለመርከበኛ ጥሩ ወደብ የሚባለው እንግዲህ ሁለት ነገር አጣምሮ የያዘ ነው። መርከብ እስኪቀርብ ድረስ ጥልቀት ሊኖረው፣ መርከብ ቆሞ እስኪጫን ድረስም ከሞገድ ሊጠለል ይገባዋል። ሁለቱን አሟልቶ የሚገኝ ጠረፍ ጥቂት ነው። ከይፋት ወደ ባሕር የወረደው መንገድ በየዘመኑ አቅጣጫውን የለዋወጠው በከፊል ይህን በመፈለግ ነበር።

ይፋትና ዘይላ

በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዑመር ወላስማ የተመሠረተው የይፋት ሱልጣኔት ከጣርማ በር ሥር ባለው ቆላና ተዳፋት ላይ ኖሯል። እንደ ኖራ፣ አስባሪና መሳል ያሉት የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ በቅርብ ጊዜ በፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በተደረገ ጥናት ይበልጥ ታውቀዋል። የይፋት ሀብት የደጋውን ዕቃ ተቀብሎ ወደ ዘይላ ከማውረድና የባሕሩን ዕቃ ተቀብሎ ወደ ደጋ ከማውጣት የተገኘ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አል ዑመሪ በግብፅና በሶርያ ይፋትና ጓደኞቿ የሆኑት አገሮች ሁሉ «የዘይላ አገር» እየተባሉ ይጠሩ እንደ ነበር ይመሰክራል። ወደቡ ለአገሩ ሁሉ ስም ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዘይላ ለመርከብ የተመቸ ወደብ አልነበረም። ከተማው በዝቅተኛ አሸዋማ ምድር ላይ የተቀመጠ፣ ውኃውም ከጠረፉ ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ትላልቅ መርከቦች ራቅ ብለው መልሕቃቸውን ይጥላሉ፤ ዕቃው በጀልባ ይመላለሳል። በ1330 ገደማ እዚያ የደረሰው ዝነኛው መንገደኛ ኢብን ባቱታ የከተማው የዓሣና የታረደ ግመል ሽታ ስላስመረረው፣ ባሕሩ እጅግ የሚናወጥ ቢሆንም እንኳ ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደርን እንደ መረጠ ጽፏል። ይህች አጭር ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው ስለ ከተማው ንጽሕና ነው። ስለ ወደቡ የምትነግረው ግን ይበልጣል፤ መርከቡ መልሕቁን የጣለው ሞገድ በሚያንገላታው በገላጣ ውኃ ላይ ነበር።

ታዲያ መርከቦች ወደ ዘይላ የሚመጡት ለምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ የወቅቱ ነፋስ ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነፋሱ ከምሥራቅ ወገን ይነፍሳል፤ ከሕንድና ከዐረብ አገር የሚመጣው ባለሸራ መርከብም በዚሁ ነፋስ ወደ ምዕራብ ይነዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ኀይለኛ ነፋስ የዐረብ ባሕርን በትልልቅ ሞገድ ስለሚሞላው ባለሸራ መርከብ ከወደብ አይወጣም ነበር። ይህ ነፋስና በዚያው ወራት ጣርማ በርን በጉም የሚሸፍነው የክረምት ዝናብ የአንድ ታላቅ የአየር ዝውውር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ባሕሩ በሞገድ በሚዘጋበት ጊዜ አዋሽም ሞልቶ መሻገሪያውን ይዘጋል። ስለዚህ የይፋት ቅፍለትና የሕንዱ መርከብ ሳይቀጣጠሩ የሚገናኙት በበጋ ነበር። በ1854 ዘይላን፣ ቀጥሎም በርበራን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የበርበራ ታላቅ ገበያ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚቆምና ከዚያ በኋላ ሰው የማይቀርበት እንደ ነበር ጽፏል። ገበያው በነጋዴ ፈቃድ ሳይሆን በነፋስ መዞር ይፈርስ ነበር።

ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በይፋቱ በሰብረዲን ላይ የዘመቱበት ጦርነት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ሱልጣን ሰዓደዲን እስከ ዘይላ ተከታትለው በደረሱባቸው ዘማቾች በደሴት ላይ የተገደሉበት ውጊያ፣ ከሃይማኖትና ከሥልጣን ሌላ ይህን የበጋ ንግድ ማን ይይዘዋል የሚል ጥያቄ ነበረባቸው። ከዘይላ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች እስከ ዛሬ በሱልጣኑ ስም ይጠራሉ።

በሰሜኑ በኩል ያለው ምጽዋ የተለየ ዕድል ነበረው። ቀይ ባሕር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው፣ እጅግ በሰፋበት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ተራሮች ነፋሱን እንደ ሸንተረር ስለሚያስገቡት ነፋሱ በርዝመቱ ይነፍሳል፤ ሞገዱም ረጅሙን ርቀት ያገኛል። በሰሜኑ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ በደቡቡ ክፍል ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሁለቱ የሚገናኙት በባሕሩ መካከል ነው። በ1520 የፖርቱጋል መርከቦች ፊታቸውን ወደ ጅዳ ቢያቀኑም የሰሜኑ ነፋስ ስለ ተቃወማቸው ወደ ምጽዋ ዞሩ፤ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩት መልእክተኞችም እዚያ ወረዱ። ምጽዋ በኮራል ደሴቶች ላይ የተሠራ፣ ከፊቱም ከመቶ የሚበልጡ የዳህላክ ደሴቶች ሞገድ የሚመክቱለት ወደብ ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ያለው የዙላ ባሕረ ሰላጤም እንዲሁ የተጠለለ በመሆኑ፣ የጥንቷ አዱሊስ ንግድ እዚያ መመሥረቱ፣ በ1867ም የጄኔራል ናፒየር ጦር እዚያ መውረዱ በአጋጣሚ አይደለም።

ታጁራ፣ ኦቦክና ጂቡቲ

በ19ኛው መቶ ዓመት የሸዋ መንግሥት በአንኮበር ሲጸና፣ ከይፋት ወደ ባሕር የሚወርደው ዋና መንገድ ወደ ታጁራ ያመራ ነበር። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ የብስ ዘልቆ የገባ፣ ጥልቀትም ያለው፣ ከዐረብ ባሕር ሞገድ የተጠለለ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለው የአሳል ሐይቅ አለ፤ ቅፍለቱ ጨውን ከዚያ ጭኖ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በፋሬ ኬላ አድርጎ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣል። አርጎባው፣ አፋሩና አማራው በዚያ ገበያ ላይ ጨውን በእህል፣ ጨርቅን በቡና ይለዋወጡ ነበር። ክራፕፍ በ1839፣ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስም በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። የሐሪስ ጓዝ በረሓውን ያቋረጠው በሰኔና በሐምሌ ስለ ነበር ሙቀቱና ጥሙ ክፉኛ አሠቃይቶታል፤ የአገሩ ነጋዴ በበጋ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ በዚያ ጉዞ ታየ።

ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን ያዘች። ኦቦክ ግን በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ከደቡቡ ዳርቻ ጋር ሲወዳደር መጠለያው አነስተኛ ነበር፤ ወደ መሀል አገር የሚያስገባውም መንገድ ከባድ ነበር። ስለዚህ በ1888 ገደማ በደቡቡ ዳርቻ በኮራል ምላሶች መካከል ጂቡቲ ተቈረቈረች። የዳግማዊ ምኒልክን ፈቃድ አግኝቶ በ1897 መሠራት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህ ጊዜ የመርከብ ሞተር ከነፋስ ወቅት ነጻ ወጥቶ ነበር፤ ባቡሩም ቅፍለቱን ከአዋሽ ሙላት ነጻ አወጣው። የአልዩ አምባ ገበያና የይፋት የግመል መንገድ የቀድሞ ክብራቸውን ያጡት በጦር ተሸንፈው ሳይሆን የተሻለ መጠለያ ያለው ወደብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለ ሳበው ነው።

አሰብና የጣርማ በር ዋሻ

ጁሴፔ ሳፔቶ በ1869 ለሩባቲኖ ኩባንያ የገዛው አሰብ በ1882 የኢጣልያ መንግሥት ንብረት ሆነ። በ1880ዎቹ ከአሰብ በአውሳ አድርጎ ወደ ሸዋ የሚወጣ የቅፍለት መንገድ ተከፍቶ ለምኒልክ የጦር መሣሪያ መጥቶበታል። መንገዱ እውነተኛ የመኪና መንገድ የሆነው ግን ኋላ ነው። በ1936 የኢጣልያ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተሰብሮ ስላገኘው ለመዘግየት ተገደደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት አዲስ አበባን ከደሴና ከአሰብ የሚያገናኘው መንገድ ሲሠራ ተራራው ተበስቶ የጣርማ በር ዋሻ ወጣ። ጥንት ጭነት የያዘ በቅሎ የሚያዳግተው አፋፍ በመኪና የሚታለፍ ሆነ።

መንገዱ ቢጠረግም ባሕሩ ገና አልተገራም ነበር። የአሰብ ወሽመጥ ደሴቶች ቢኖሩትም፣ በበጋው ወራት ከባብ ኤል መንደብ በኩል ለሚመጣው ኀይለኛ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የተጋለጠ ነው። በመሆኑም በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደቡ በዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች እርዳታ በዘመናዊ ሁኔታ ሲሠራ፣ መርከብ የሚቆምበትን ውኃ ከሞገድ በግንብ መከለል የሥራው አንድ ክፍል ነበር። በ1967 የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ሲጀምር አሰብ የአገሪቱ ዋና በር ሆነ። በአዋሽ ሸለቆ የተሠራው አዲስ መንገድ ጭነቱን እስኪጋራው ድረስ፣ ከመርከብ የወረደው ዕቃ በከባድ መኪና በሸዋ ሮቢት አልፎ የጣርማ በርን ጥምዝምዝ ይወጣ ነበር። ስለ ዋሻውና ስለ መንገዱ ሲነገር በወደቡ በኩል የቆመው ግንብ አብሮ አይነሣም። ነገር ግን ሁለቱ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ነበሩ፤ አንዱ ተራራን፣ ሌላው ሞገድን ይረታ ዘንድ ተሠራ።

ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ በአሰብ መገልገሏን ብትቀጥልም፣ በ1998 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከሞላ ጐደል በጂቡቲ ላይ ወድቋል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድም ወደዚያው ያመራል። ስለ ወደብ የሚነሣው ክርክር የሕግና የፖለቲካ ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም የትኛውም ወደብ ቢመረጥ ከጥልቀቱ፣ ከመጠለያውና ከአሸዋው ጋር የሚደረገው ትግል ለዘለቄታው የሚከፈል ዋጋ አለው።

የምዕራቡ ተዳፋት ድርሻ

ጣርማ በር የመንገድ በር ብቻ ሳይሆን የውኃ መለያም ነው። ከአፋፉ በስተምሥራቅ የሚዘንበው ዝናብ በይፋት ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በአቤ ሐይቅ ስለሚያበቃ ከውቅያኖስ አይደርስም። ከአፋፉ በስተምዕራብ የሚዘንበው ግን በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዝ ነበር። ከሸዋ ደጋ የታጠበው አፈር በግብፅ ጠረፍ ላይ ከሞገድ ጋር የሚጋጠም የጦር ሠራዊት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዓባይ ደለል ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ይህ ደለል ለብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ባሕሩ እየፈሰሰ፣ ሞገዱ ከሚወስደው የበለጠ እያመጣ፣ በራሺድና በደምያጥ ወደ ባሕር የገቡትን ሁለት የምድር ጫፎች ገንብቷል። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1964 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ግን ደለሉ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ሞገዱ እንደ ልማዱ መውሰዱን ሲቀጥል የሚተካለት አጣ። ቀድሞውንም ይሸረሸር የነበረው የራሺድ ጫፍ በአንዳንድ ዓመታት እስከ መቶ ሜትር የሚደርስ መሬት ያጣ ጀመር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያም በትልልቅ ግንብ እስኪከለል ድረስ ጥፋቱ አልቆመም። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ የጀማን ደለል ገና በኢትዮጵያ ምድር ሳለ ያስቀረዋል። ደለል በግድብ ውስጥ ሲከማች ለግድቡ ሸክም፣ ከጠረፍ ሲጐድል ለጠረፉ ጉዳት ነው። በመርሐ ቤቴና በመንዝ ተዳፋት ላይ የሚሠራው እርከን ስለዚህ የአንድ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚመጣና የሚሄድ ባሕር

ከዚህ ሁሉ በላይ ጠረፍ ራሱ ቋሚ መሥመር እንዳልሆነ የይፋትና የአፋር ምድር ይመሰክራል። በጀማ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አካባቢውን የሸፈነ ባሕር የተወው ነው። ባሕሩ ከሄደ ከረጅም ዘመን በኋላ ምድሪቱ ስትሰነጠቅ የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ደጋውን ሠራ። በሰሜን ሸዋ አናት ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ የሥነ ምድር ሊቃውንት በዚሁ በጣርማ በር ስም ይጠሩታል፤ በየመማሪያ መጽሐፉና በየካርታው ላይ የዚህ ስፍራ ስም የታወቀው በዚህ ነው። በዳናክል ሜዳ ዳር ደግሞ የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር በዙላ በኩል ገብቶ እንደ ነበር የሚያስረዱ የኮራል መደዳዎች ዛሬም በደረቅ ምድር ላይ ቆመዋል። በዚያ ጠረፍ ላይ ሞገድ ይሰበር ነበር፤ ዛሬ ግን ጨው ብቻ ቀርቷል።

ምድሪቱ መሰንጠቋን አላቆመችም። በመስከረም 2005 በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቶ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚሁ ሂደት ክፍል ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ሂደት በሚሊዮን በሚቈጠሩ ዓመታት ውስጥ አዲስ ባሕር ይከፍታል። ያ ባሕር ሲመጣ ነፋስ ይነፍስበታል፤ ሞገዱም የምሥራቁን ተዳፋት እንደ ማንኛውም ጠረፍ መቅረጽ ይጀምራል። የዛሬው ሰው ሥራ ግን በሚሊዮን ዓመት አይለካም።

ለሙያው ባልደረቦች ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የባሕር ጠረፍ የሌለው አገር ባለሙያ ስለ ሞገድ ማወቅ አይገባውም የሚል አስተያየት ከልምድ ጋር አይስማማም። የይፋት ነጋዴ ባሕሩን ሳያይ የነፋሱን ወቅት ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ኖሮ ግመሉን ይዞ ባዶ ወደብ ይደርስ ነበር። ዛሬም መንገድ የሚቀይሰው መሐንዲስ፣ ግድብ የሚሠራው፣ አፈር የሚጠብቀው የግብርና ባለሙያ፣ ካርታ የሚያነሣው፣ በየትምህርት ቤቱ ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ሁሉ ሥራው መጨረሻ ላይ ከአንድ ጠረፍ ጋር ይገናኛል። ጣርማ በር ላይ የቆመ ባለሙያ በስተምሥራቁ የአገሪቱን የንግድ በር፣ በስተምዕራቡ የሩቅ ጠረፍ የሚጠግነውን አፈር ይመለከታል። የሁለቱም ዕጣ የሚለየው በሞገድና ሞገድን በሚቋቋመው ነገር መካከል ባለው ሚዛን ነው። ይህን ሚዛን አጥንቶ ማወቅ፣ በመዝገብ ማስፈርና ለሚከተለው ትውልድ ማስተላለፍ የባለሙያው ፈንታ ነው።